የተራመደ ሥጋ

በጨፌ ግራር በሬ ሲታመም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። ተራ አለው። ጠዋት አባት፣ ከሰዓት ትልቁ ልጅ፣ እነሱ ሲደክማቸው ጎረቤት። ምሳቸው እዚያው በረት ውስጥ ይመጣላቸዋል። ቢላዋውን መሬት የሚያስቀምጥ የለም፤ ጭናቸው ላይ አጋድመው ነው የሚበሉት። የበሬው ትንፋሽ ሲያጥር የያዘው ሰው በስመ አብ ብሎ ይቆርጣል። ያኔ በበሬው ጆሮ ላይ ያለችው ጉትቻ ነጭ ታበራለች። ነጭ ማለት ታረደ ማለት ነው። ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ይሸጣል፣ የቤቱም ስም እንዳለ ይቆያል።

ጠባቂው እንቅልፍ ከጣለው ወይም ሽንት ቤት ከወጣ ግን ሞት ይቀድመዋል። ጉትቻዋ ቀይ ታበራለች። ቀይ ማለት በክት ነው። ቀይ ስትበራ የሚጠራው እኔ ነኝ።

ዳግም እባላለሁ። የቀበሌው አንሺ ነኝ። የሞተ ከብት፣ አህያ፣ በግ፣ ውሻ፣ ድመት ሁሉ የኔ ነው። ጎታች በምንለው መኪና ጭኜ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ወዳለው ማብላያ እወስዳለሁ። ጎታቹ መንደር ውስጥ ሲገባ በራሱ ይናገራል። የሴት ድምፅ ነው፣ ጨዋ፣ ለእንግዳ እንደሚናገር ሰው ያለ። «አንሺ እያለፈ ነው። እባክዎ መስኮት ይዝጉ። ልጆችን ያስገቡ። እናመሰግናለን» ትላለች። መስኮቱ ሁሉ ተራ በተራ ይዘጋል። ይህችን ድምፅ ብዙ ጊዜ በድንጋይ ቀጥቅጬ ላጠፋት አስቤያለሁ። የተውኩት የመንግሥት ንብረት ሰበርክ ብለው ተጨማሪ ነገር እንዳያሸክሙኝ ነው።

የማብላያውን ሥራ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔ ግን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሆዱን እከፍታለሁ፤ ካልተከፈተ ይነፋና ይፈነዳል። ከዚያ ወደ ዝንብ ቤት ይገባል። ዝንቦቹ በታሸገ ሣጥን ከከተማ ነው የሚመጡልን፤ የዚህ አገር ዝንብ በመድኃኒት ርጭት ካለቀ ቆይቷል። ዝንቦቹ ይጥላሉ፣ ትሉ ይፈለፈላል። ትሉ ሥራ ሲጀምር ድምፅ አለው፤ ካፊያ ዝናብ የኮባ ቅጠል ላይ ሲወርድ እንደሚሰማው። ሙቀትም አለው። ክረምት ላይ እጄን አሞቅበታለሁ። ሥጋው ሲያልቅ ጅማቱንና የደረቀውን ቆዳ ጢንዚዛዎቹ ይጨርሱታል። አጥንቱ ወፍጮ ውስጥ ይገባል፤ ወፍጮውን ጅብ ነው የምንለው። በመጨረሻ ጥቁር አፈር ይወጣል። ሽታ የለውም። በጆንያ ይጫንና መንደር ይሄዳል፤ ጎመናቸውን ይዘሩበታል። ሴቶቹ ያንን አፈር በባዶ እጃቸው ሲዝቁት አያለሁ። እኔን ግን የሚጨብጠኝ የለም። ሱቅ ስሄድ ባለሱቁ ስኳሩን መሬት አስቀምጦ ወደ ኋላ ይላል። የጠጣሁበትን ብርጭቆ ይሰብሩታል። እድር አልተመዘገብኩም፤ ስሞት ማን እንደሚያነሳኝ አላውቅም።

ልጅ ሆኜ ጥንብ አንሳ አይቻለሁ። ከመጨረሻዎቹ ይሆናሉ። ትምህርት ቤት መሄጃ መንገድ ዳር አህያ ሞታ ነበር፤ ጠዋት ስናልፍ ሰማዩ ላይ ነጥብ ብቻ ነበሩ፣ ስንመለስ መሬቱን ሞልተውታል። አንገታቸው ላጣ፣ ቂጣቸውን እየጣሉ የሚራመዱ፣ መልካቸው የማያምር ወፎች ናቸው። ከዓይኗና ከጅራቷ ሥር ጀመሩ። ማታ ጅብ መጥቶ አጥንቱን ወሰደ። የቀረውን ዝንብና ጉንዳን ተካፈለው። በሚቀጥለው ክረምት አህያዋ በወደቀችበት ቦታ ሳሩ ከሌላው ይበልጥ ጠቁሮና ረዝሞ በቀለ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አላመሰገናቸውም። የሚጸየፋቸው እንጂ የሚወዳቸው አልነበረም። በኋላ መርፌ የተወጋ ከብት እየበሉ አሞራዎቹ አለቁ። ጅቡን ደግሞ አደላቢዎቹ በመርዝ ፈጁት። እነሱ አለቁ፤ ሥራቸው ግን አላለቀም።

ሥራው በእጣ ነው የተሰጠው። አሥረኛ ክፍል ያልጨረሰ ሁሉ ስሙ ሣጥን ውስጥ ገባ። ሣጥኑን የያዘው ኪሩቤል ነበር። ኪሩቤል የእህቴ የቤዛዊት ባል ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ወንበር ላይ አብረን ተምረናል። ስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ከእኔ ኮረጀ፤ መምህሩ ሁለቱን ወረቀት አየና የኮረጀው ይህ ነው ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። የኪሩቤል አባት ከብት አደላቢ ነበሩ፣ የእኔ አባት የሰው በረት ጠራጊ። በር ጀርባ አቆሙኝ። ኪሩቤል እኔ ነኝ አላለም። ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። ያን በር ሳስታውስ አሁንም ጥርሴ ይፋጫል። እና የእጣው ቀን ሣጥኑን የያዘው እሱ፣ እጁን አስገብቶ ያወጣው እሱ፣ ስሙን ያነበበው እሱ። የወጣው ስም የእኔ። እጄን ጨብጦ «ዳጊ፣ አንተ ትችለዋለህ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጨብጦኝ አያውቅም።

ልጁን ሊድርልኝ የነበረ ቤት ነበር። እሱም ቀረ።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን የኪሩቤልና የቤዛዊት ልጅ ኤልዳና ልታገባ ሆነ። ጥሪው በየቤቱ ደረሰ። ባለፈው ዓመት ከኪሩቤል ጋር በድንበር የተካሰሰው ሰውዬ እንኳ ተጠራ። ቤዛዊት አንድ ቀን እኔ አጥር ጋ መጣች። እንደ ሁልጊዜዋ ነፋሱ ከጀርባዋ በሚመጣበት በኩል ቆመች።

«ዳጊ፣ ደህና ነህ?»

«አለሁ።»

«ኤልዱ ልታገባ ነው። ሰምተሃል አይደል?»

«ድንኳኑን አይቻለሁ።»

«እሑድ ነው።» ነጠላዋን አስተካከለች። «እና ቅዳሜና እሑድ ጎታችህን በእኛ በኩል ባታሳልፈው።»

«ከብት ቢሞትስ?»

«በላይኛው መንገድ ዙር።»

«የላይኛው መንገድ ድልድዩ ፈርሷል።»

«ይኸውልህ ዳጊ፣ እኔ ልጣላህ አልመጣሁም። የሙሽራው ወገኖች ከከተማ ነው የሚመጡት። አንሺ የሚባል ነገር ባያዩ ምን ይጎድልብሃል?»

«የእህቴ ልጅ ሰርግ ነው የሚጎድልብኝ።»

ድንጋዩ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አስቀምጣ ሄደች። ልተወው ብዬ ነበር። ኋላ ርቦኝ በላሁት።

ስለ በሬው ደግሞ ይህን እወቁ። እኛ የምንበላው ሥጋ ከፋብሪካ በካርቶን የሚመጣ ነው፤ በረት ውስጥ ያለው ከብት ለውጭ አገር ነው። ለሰርግ ግን የተራመደ ሥጋ ያስፈልጋል። በእግሩ የሄደ፣ ዓይን የነበረው። የሙሽራው አባት ጋሽ ናሆም «የተራመደ ሥጋ ከሌለ ሰርግ አይባልም፣ ምሳ ነው» ብሎ ልኮ ነበር ይባላል። ስለዚህ ኪሩቤል አንድ በሬ ለብቻ አስሮ ያደልብ ነበር። በሬው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያበጠ እስኪመስል ወፈረ። ሰው እየመጣ ሻኛውን እየዳሰሰ ያደንቅ ነበር። ምን እያበላው ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእጄ አምባር ቢጫ አሳየች። ቢጫ ማለት እየተንገዳገደ ነው፣ ተዘጋጅ ማለት ነው። የማን እንደሆነ አየሁ። የኪሩቤል የሰርግ በሬ።

ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽም። ጎታቹን አስነስቼ የታችኛውን መንገድ ያዝኩ። ድንኳኑ አጠገብ ስደርስ ድምፅዋ ጀመረች። «አንሺ እያለፈ ነው። እባክዎ መስኮት ይዝጉ።» ድንኳን መስኮት የለውም። ወጥ ሠሪዎቹ ሮጠው ድስቶቹን ከደኑ፤ አንዷ የምትከድንበት ስታጣ በቀሚሷ ሸፈነችው።

በረቱ በር ላይ ቆምኩ። ኪሩቤል የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ቢላዋውን ይዞ በሬው ፊት ተንበርክኳል። ጋሽ ናሆም በጥቁር ሱፍ ልብስ፣ የጠጅ ብርሌ ይዞ፣ ጫማው እንዳይነካ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ሥጋ ቆራጮቹ ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቃሉ።

«ማን ጠራህ?» አለኝ ኪሩቤል ዞር ሳይል።

«ጉትቻዋ።»

«ቢጫ ናት። ቢጫ አንተን አይመለከትህም።»

«ተዘጋጅ ትላለች።»

«እንግዲያው ውጭ ሆነህ ተዘጋጅ።»

ከቆራጮቹ አንዱ፣ ቀጭኑ፣ «አሞራው ዛሬ ሳይሞት ነው ማንዣበብ የጀመረው» አለ።

«ተወው፣ ለሰርግ ታጥቦ እኮ ነው የመጣው» አለ ሌላው።

«በምን?»

«በትል ቅባት።»

ሳቁ። ጋሽ ናሆምም ሳቀ፤ ከዚያ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ።

በሬው ይንቀጠቀጥ ነበር። ካፍንጫው አረፋ ይወርዳል፣ አረፋው ውስጥ ደም አለ። ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። ኪሩቤል በስመ አብ ብሎ ቆረጠ። ሁሉም ጆሮው ላይ አፈጠጡ። ጉትቻዋ ትንሽ ቆየችና ነጭ በራች። እልልታ ሆነ። ጋሽ ናሆም ብርሌውን ከፍ አደረገ።

እኔ የማየው ደሙን ነበር። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይመስላል። ሲፈስ አይረጋም፤ ድንጋዩ ላይ እንደ ውሃ ይሄዳል። ኪሩቤል እስከ ክርኑ ገብቶበታል። ከዚያ ግርግሙን አየሁት። ውስጡ የቀረው ሳር ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ቅጠሉ ሰፋፊ። እንዲህ ያለ ሳር በጨፌ ግራር አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚበቅለው፤ ዝግ መሬት ላይ።

ዝግ መሬት ከወንዙ በላይ በቢጫ ሽቦ የታጠረው ሜዳ ነው። አሞራው ካለቀ በኋላ፣ ማብላያው ሳይሠራ በፊት፣ አባ ሰንጋ ገብቶ ብዙ ከብት እዚያ ወደቀ። የሚበላቸው አልነበረም። አሞራ ቢኖር በሽታውንም አብሮ በልቶ ሆዱ ውስጥ ይፈጀው ነበር። አፈር ግን እንደዚያ አይደለም፤ አፈር ያስቀምጣል። እነዚያ ከብቶች ቀልጠው ሳር ሆኑ፣ ሳሩም ከሁሉ የለመለመ ሆነ። በዚህ ክረምት ሽቦው ተቆርጦ፣ ሳሩ በማጭድ ታጭዶ አይቼ ማን ይሆን ብዬ ነበር።

«ኪሩ፣ ይህን ሳር ከየት አመጣኸው?» አልኩ።

«ከሜዳ።»

«ከየትኛው ሜዳ?»

«ሳር ሳር ነው።»

«ከዝግ መሬት ነው ያጨድከው። ደሙን እየው። ይህ አባ ሰንጋ ነው። ይህ አይበላም።»

ኪሩቤል ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዳወቀ ዓይኑ ላይ አየሁ። ለአንድ አፍታ ብቻ። ጋሽ ናሆም ብርሌውን ዝቅ አደረገ።

«ምንድን ነው የሚለው ሰውዬው?»

«አይስሙት ጋሼ» አለ ኪሩቤል እጁን በሸሚዙ እየጠረገ። «የባለቤቴ ወንድም ነው። ሰርግ ስላልተጠራ ነው።»

«እህ፣ ዘመድ ነው እንዴ?»

«ምን ይደረግ። ዘመድ አይመረጥ።»

ቀጭኑ ቆራጭ «ነጭ በርታለች እኮ ወዳጄ» አለኝ። «ነጭ ከበራ ያንተ ሥራ የለም። ሂድ፣ ትሎችህ ይናፍቁሃል።»

ቤዛዊት ሰምታ ከጓዳ መጣች፤ እጇ ላይ ሊጥ አለ። «ዳጊ» አለች። «በልጄ ቀን?»

«በሬው ታሟል፣ ቤዚ። ጥሬ ከበላችሁት አልቃችኋል።»

«ሁልጊዜ አንተ ጋ አንድ የታመመ ነገር አይጠፋም» አለችና ተመለሰች።

ወጥቼ ጎታቹ ጥግ ቆምኩና ወደ እንስሳት ጉዳይ ደወልኩ። የሚመልሰው ሰው አይደለም፤ ሰው እንዲመስል የተሠራ ነገር ነው። «የእንስሳው መዝገብ ነጭ ነው። በሕጋዊ መንገድ ታርዷል። ጉዳዩ ተዘግቷል» አለኝ። አባ ሰንጋ ነው ስለው ወደ ጤና ጥበቃ መራኝ።

«የታመመ ሰው አለ?» አለኝ የጤና ጥበቃው።

«ገና አልበሉም።»

«እባክዎ ሰው ሲታመም ይደውሉ። መልካም ቀን።»

በሬው ተገፎ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። ጎድኑ፣ ሻኛው፣ ሁለቱ ጭን። ጣፊያው ከሚገባው በላይ አብጦ ጠቁሮ ነበር፤ ከሩቅ ይታየኝ ነበር። ቀጭኑ ቆራጭ አነሳና አየው፤ የሚያውቀው አልመሰለኝም፤ ባልዲ ውስጥ ጣለው። ሚጥሚጣና አዋዜ በየትሪው ተቀመጠ። በእኛ አገር ልማድ የሙሽራና የሙሽሪት አባቶች በሠርጉ ዋዜማ ከሻኛው ተቆርጦ ጥሬውን ይጎራረሳሉ። እነሱ ሳይጎራረሱ ማንም አይቀምስም፤ ከተጎራረሱ በኋላ ማንም አይቆምም።

ጎታቹ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ይብሉት አልኩ። እውነቴን ነው። በር ጀርባ ያቆመኝ ይብላው። ስሜን ያነበበው ይብላው። በራሷ ሰርግ ቀን ከቤት ኋላ፣ ከእንጨት ክምሩ አጠገብ፣ በሚጣል ሳህን ያበላችኝ እህቴ ትብላው። መስኮቱን የዘጋ ሁሉ ይብላው። እነሱ ሲወድቁ ሬሳቸው የእኔ አይደለም፤ ሰው እድር አለው። ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እንዲያውም እሑድ እኩለ ቀን ላይ ማን መጀመሪያ ትኩሳት እንደሚይዘው መገመት ጀምሬ ነበር።

ግን አንድ ነገር አናደደኝ። ከሞቱ አለቀ። ኪሩቤል ከሞተ ያን የሒሳብ ፈተና የኮረጅኩት እኔ ነኝ ብሎ ሳይናገር አፈር ሊለብስ ነው። እህቴ ወንድሜን በደልኩት ሳትል ልታርፍ ነው። ቀብር ላይ ደግሞ ደግ ነበር፣ ቸር ነበር ይባላል። እኔ ደግሞ ማንን እየጠላሁ ልኖር ነው። ይህን ያህል ዓመት አብሮኝ የኖረ ነገር በአንድ ጉርሻ ሊያመልጠኝ አልፈቀድኩም።

ጓንቴን አወለቅኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። የሚያቆመኝ አልነበረም፤ ለማቆም መንካት አለባቸዋ። ሰው እንደ ውሃ ግራና ቀኝ ተከፈለልኝ። አንዲት ሴት ልጇን ሳብ አድርጋ ተሸከመች። ወደ ተሰቀለው ሄድኩና ባዶ መዳፌን ጎድኑ ላይ አሳረፍኩ። ሻኛውን ጨመቅኩት። ሁለቱን ጭን ዳበስኩ። ጉበቱን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ለቁርጥ የተዘጋጀው ገበታ ውስጥ ሁለት እጄን እስከ አንጓዬ ከተትኩ፤ ሥጋው ገና ሞቃት ነበር። ሙዚቃውን የሚያጫውተው ልጅ ሙዚቃውን አጠፋ።

ወዲያው ዞር ስል ኪሩቤል አስቀድሞ የቆረጠውን ይዟል። አዋዜ ነክሮ ወደ ጋሽ ናሆም አፍ እያቀረበ ነበር፤ ጋሽ ናሆምም ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፍቷል። ሦስት እርምጃ ዘልዬ የኪሩቤልን አንጓ ጨበጥኩት።

ቁራጩ ወደቀ።

እጁ ይሞቃል። የሰው እጅ እንደሚሞቅ ረስቼ ነበር። ከእጣው ቀን ወዲህ የጨበጥኩት የመጀመሪያ ሰው እሱ ሆነ። አልለቀቅኩትም። እሱም እንደ እብድ እያየኝ አልተነቃነቀም፤ ለመላቀቅ በሌላ እጁ መንካት ነበረበት።

«አሁን ይበላ እንግዲህ» አልኩ ለሁሉም። «አንሺ የነካውን የሚበላ ካለ ይብላ።»

ጋሽ ናሆም ምንም ሳይበላ ተፋ። መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ወጣ፤ ወገኖቹ ተከትለውት ወጡ። ቀጭኑ ቆራጭ ቢላዋውን መሬት ጣለው፤ ያንን ቢላዋ ማንም አላነሳውም። ሙሽራይቱ ኤልዳና የቤቱ በር ላይ በሂና እጇ ፊቷን ሸፍና ቆማለች። ልጅ ሆና በአጥር ቀዳዳ «ጋሼ» እያለች ትጠራኝ ነበር። አሁን ዞራ ገባች።

ኪሩቤልን ስለቀው ወደ ኋላ ሄዶ ድንጋይ አነሳ። ድንጋይ ከሩቅ ይወረወራል፤ መንካት የለበትም። ሌሎቹም አነሱ። አንዱ ትከሻዬን፣ አንዱ ጀርባዬን አገኘኝ። እኔ እየተወገርኩ ሥጋውን ጎታቹ ላይ ጫንኩ፤ ቆዳውን፣ ፈርሱን፣ ጣፊያ ያለበትን ባልዲ፣ ደም የነካውን አፈር ሳይቀር በአካፋ ዝቄ። መጫን ስጀምር መወርወሩን ቀነሱ። ለነገሩ ማንሳቱ ሥራዬ ነው፤ በሥራዬ ማንም ቅሬታ አቅርቦብኝ አያውቅም።

«እናታችን እንኳን ሞተች» አለችኝ ቤዛዊት ከድንኳኑ ካስማ ሥር። «እንኳን ይህን አላየች።»

ለዝንቦቹ አልሰጠኋቸውም። ትል ይህን በሽታ አይጨርሰውም፤ ከጥቁሩ አፈር ጋር ወደ ጎመናቸው ይመለስ ነበር። በነጭ ጋዝ አቃጠልኩት። አንድ በሬ ለመቃጠል ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ያላየ አያውቅም፤ ሲመሽም እየጨሰ ነበር። እጄን ቆዳው እስኪላጥ በበረኪና ታጠብኩ፣ ለአንሺ የሚታደለውንም ክኒን ዋጥኩ።

እሑድ ሰርጉ በካርቶን ሥጋ ተደገሰ። የሙሽራው ወገኖች ቀማምሰው ሙሽራይቱን ይዘው በጊዜ ሄዱ። ጋሽ ናሆም ሲሳፈር ለኪሩቤል እጁን አልሰጠውም፤ እኔ የያዝኩት እጅ ነዋ።

ሰኞ ቀበሌ ተከሰስኩ። ሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ጀርባ፣ እኔ ግቢው ውስጥ፣ በመስኮት በኩል እየተናገርን።

«በሬው ታሞ ነበር ትላለህ» አሉ ሰብሳቢው።

«አዎ።»

«መዝገቡ ነጭ ይላል።»

«ይላል።»

«ማስረጃህ የት አለ?»

«አቃጥዬዋለሁ።»

እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ሳቅ አፈነ። ከሥራ እንዳያባርሩኝ የሚተካኝ የለም፤ ሌላ እጣ ቢወጣ የማን ልጅ ስም እንደሚወጣ አያውቁም። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ውሳኔ ወሰኑ። የጎታቹ ድምፅ ከፍ እንዲል፣ ከሩቅ እንዲሰማ። አሁን ያቺ ሴት ወንዙን ሳልሻገር ጀምራ ትጮሃለች።

ሳምንቱ ሲገባደድ የኪሩቤል ክንድ ላይ ቁስል ወጣ። መጀመሪያ የትንኝ ንክሻ መሰለ፤ ከዚያ መሐሉ ከሰል ሆነ። አያምም ነበር አሉ፤ ዙሪያው ግን አበጠ። ጤና ጣቢያ ሄደ። ማሽኑ ውስጥ እጁን ሲያስገባ አባ ሰንጋ ብሎ ጻፈ። መርፌ ተወግቶ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ይታያል።

ወሬው እኔ ዘንድ ሲደርስ ጎታቹን አቁሜ ተቀመጥኩ። አሁን እንግዲህ አልኩ። አሁን ይመጣሉ። ማሽኑ ራሱ ጽፎታል። ፊቴን ታጠብኩ፣ ሸሚዝ ቀየርኩ። ምን እንደምመልስላቸው እንኳ አሰብኩ፤ ቶሎ ይቅር አልልም ነበር።

የመጣችው ቤዛዊት ብቻ ናት። አጥሩ ጋ፣ ነፋሱ ከጀርባዋ።

«የኪሩን ክንድ ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ። አባ ሰንጋ።»

«ታውቀዋለህ ማለት ነው።»

«ቅዳሜ ነግሬያችሁ ነበር እኮ።»

«ቅዳሜ ነው የነካኸው» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ያሰበችበት ነገር። «ቀኑን ሙሉ ያን በሽታ ስትዳብስ ትውልና በዚያ እጅህ ያዝከው። ሰው ሁሉ አይቷል። ሐኪሟ እንኳ የታመመ ከብት የሚነካ ሰው አግኝቶሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ምን ይበላት?»

«በሬውን ያረደ እሱ ነው፣ ቤዚ። እስከ ክርኑ ደም ውስጥ ነበር።»

«በሬው ነጭ ነው። መዝገብ ላይ አለ።» ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። «በሬውን ነካህ፣ እሺ። ቅናት ነው ብዬ እተወው ነበር። የልጄን አባት እጅ ለምን ነካህ?»

አየኋት። ትንሽ ወፍራለች። ጉንጯ ቀይ ነው፣ ዓይኗ ጥርት ያለ፣ አጥሩ ጋ ያለውን ዳገት ወጥታ እንኳ አላለከለከችም። ስለ ሳሩ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«እንኳን ነካሁት» አልኳት።

እግሬ ሥር ተፋች። ከዚያ ዞራ ቁልቁለቱን ወረደች፤ ፈጠን ብላ፣ ድንጋዩን እየዘለለች፣ ምንም ሳይነካት፣ በሙሉ ጤንነቷ እየጠላችኝ።